ኤችዲፒ በአንድ ሰልጣኝ መምህር ዓይን

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ «ኤችዲፒ ወስደሃል ወይ?» ያልተባለ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። «ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም» የሚለው ሙሉ ስሙ እምብዛም አይጠራም። ይህ የማስተማር ክህሎት ሥልጠና በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪኤስኦ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ድጋፍ ሲጀመር የታሰበው መምህራንን ለሚያሠለጥኑ መምህራን ነበር፤ ኋላ ግን ከምህንድስናውም ከተፈጥሮ ሳይንሱም ያለው መምህር እንዲወስደው ተደረገ። እኔም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ፣ መደበኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ጎን ለጎን ወስጄዋለሁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥቀስ ግን አላስፈለገኝም።

ሥልጠናው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው፣ ባልደረባ ሲያስተምር የምናይበት ሌላ አጋጣሚ ስለሌለን ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የመጣ ሰው ክፍል ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ አስተማሪነቱን የሚያውቁለት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው። በእኛ ቡድን ሰልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዳችን የሌላችንን ክፍል እንጎበኝ ነበር። የእኔ ጥንድ የሲቪል ምህንድስና መምህር ሲሆን፣ ትምህርቱን አሳምሮ የሚያውቅ፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙም የሚያስቀና ሰው ነው፤ ነገር ግን ጥያቄ ጠይቆ ተማሪ እጁን ሳያነሳ መልሱን ራሱ ይናገረዋል። ይህንኑ በምልከታ ቅጹ ላይ ጽፌ፣ ከክፍል እንደወጣን ተነጋገርንበት። በሚቀጥለው ጉብኝት ጠይቆ ዝም አለ። ዝምታው ለሁለታችንም የማይገፋ ሆኖ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ አንድ ምሰሶ ስለሚሸከመው ጭነት የተሳሳተ መልስ ሰጠች፤ ስሕተቷም የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ አከራከረ።

የሥልጠናው ክፍል የሆነው የተግባር ምርምርም፣ መምህሩ የራሱን ክፍል ችግር የሚያጠናበት፣ በደንብ ከተያዘ ይጠቅማል። ጥያቄው ከራስ ክፍል መነሣት ስላለበት፣ ተማሪዎቼ የላብራቶሪ ሪፖርት ለምን እንደሚገለብጡ መረጥኩ፤ ሲጣራ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ናሙና ስለምንሰጥ ውጤቱም አንድ ነበር። ለየቡድኑ የተለያየ ናሙና ስንሰጥ ግልበጣው ቀነሰ።

ቅሬታዬ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ሲነበብልን፣ ሰልጣኙ ሁሉ ስልኩን ይነካካ ነበር (ይህን ያየ ተማሪ ምን ይል ይሆን?)። የሚቀርቡት የቡድን ሥራ ምሳሌዎች ለሃያና ለሠላሳ ተማሪ የታሰቡ ሲሆኑ፣ ወንበሩ ከወለል ጋር በተበየደበት አዳራሽ ሰባ ተማሪ ለያዘ መምህር ብዙም አይሆኑም። ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ሰልጣኙ ሥራዎቹን አሰባስቦ የሚያስረክበው ጥራዝ፣ ደግሞ የሚመዘነው በውስጡ ባለው ሐሳብ ሳይሆን በውፍረቱ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚህም የተነሣ ካለፈው ዙር ሰልጣኝ ተውሶ፣ ስምና ቀን ቀይሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ማስጠረዝ የተለመደ ሆኗል። አመቻቾቹ ከወረቀቱ ቀንሰው የክፍል ጉብኝቱን ቢያበዙት እመርጣለሁ።

ለጆርናል የሚሆን ጽሑፍ ማዘጋጀት መማር የሚሻ ተመራማሪ ይህን ከኤችዲፒ አይጠብቅ፤ ዓላማው ማስተማር ነው። ለዚያ ኢናስፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በኦተርኤይድ ስም በበይነ መረብ የሚሰጠው የምርምር አጻጻፍ ኮርስ ይሻላል፤ ክፍያ የለውም፣ ትምህርቱም በአብዛኛው በጽሑፍ ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔት ላይ እንኳ ይሠራል።