በደሴና ኮምቦልቻ «በርካሽ» የሚዞረው ስታርች፦ ከረጢቱን ሳታዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ኬክ ቤት፣ እርጎ ቤት፣ ጁስ ቤት ያላችሁ፣ እቤታችሁ ክሬምና ሶስ አዘጋጅታችሁ ለሆቴል የምታስረክቡ የወሎ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡና ለምታውቁት አድርሱ። ሰሞኑን ከአዲስ አበባው ዋጋ በግልጽ የወረደ «ሞዲፋይድ ስታርች» (ክሬምና ሶስ ለማወፈር የሚገባ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጠባዩ የተለወጠ ነጭ ዱቄት) በደላላ እጅ ከደሴ ኮምቦልቻ እየዞረ ነው። ነገሩ አቤቱታ ላይ ስላለ የሻጩን ስም አልጠራም። ዕቃውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ ስታገኙት ታውቁታላችሁ።

ደላላው ደሴ ፒያሳ መጥቶ ናሙና ሲያሳየን ናሙናው እንከን አልነበረውም። ነጭ፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው። የከረጢቱንም ፎቶ ከስልኩ አሳየን፤ 25 ኪሎ፣ ኮዱ (የስታርቹን ዓይነት የሚናገረው ቁጥር) ኢ1422፣ ማብቂያው ገና ሩቅ። ቀብድ ተከፈለ። ዕቃው ሲራገፍ ግን ግማሹ በወረቀት ከረጢት፣ ግማሹ ምንም ባልተጻፈበት ነጭ ማዳበሪያ ሆኖ መጣ።

የወረቀቱን ከረጢት አፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከፋብሪካ የወጣ አፉ የሚሰፋ ከረጢት በማሽን አንዴ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። የኛ ላይ ከስፌቱ ጎን ክር የሌለበት ሌላ የመርፌ ቀዳዳ ረድፍ ነበር፤ ማለት ተተርትሮ፣ ተከፍቶ፣ እንደገና ተሰፍቷል። ውስጡ መኖር የነበረበት የላስቲክ ከረጢት የለም። ከታች ጥጉ ላይ ሽምብራ የሚያክል ጓል፣ ወረቀቱም ላይ ውሃ ነክቶት የደረቀ ቢጫ ምልክት። የማዳበሪያው ደግሞ ገና አፉ ሲፈታ የልብስ ሳሙና ሸተተን። ስታርች ሽታ ይስባል፤ ከኦሞ ጋር ያደረ ስታርች የገባበት ክሬም ኦሞ ኦሞ ይላል፣ ስኳር አይደብቀውም።

ስንጠይቀው «እታለም፣ ስታርች እኮ ስታርች ነው፣ ወንፊት ላይ ብትነፊው ይስተካከላል» አለኝ። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ስታርች ስታርች አይደለም። ተራው የበቆሎ ስታርች ሲፈላ ይወፍራል፣ አሲድ ሲነካው ወይም ብዙ ሲማሰል ይቀጥናል፣ ፍሪጅ አድሮ ደግሞ ውሃ ይተፋል። ሞዲፋይድ የሚባለው ይህን እንዲቋቋም ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል ወይም በሙቀት የተለወጠ ነው። ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን የሚናገረው ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ኢ1422፣ ኢ1442፣ ኢ1414 እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። ዱቄቱ ራሱ ምንም አይናገርም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተለወጠ ስታርች ሁሉ ለምግብ አለመሠራቱ ነው። ጨርቅ ፋብሪካ ክር ለማጠንከር፣ ወረቀት ፋብሪካ፣ ካርቶን ማጣበቂያ የሚሠራው ሁሉ ስታርች ይጠቀማል። ለካርቶን ማጣበቂያ የሚዘጋጀው ውስጥ ቦራክስና ኮስቲክ ሶዳ የሚባሉ ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ ደግሞ ኮምቦልቻን የመሰለ የኢንዱስትሪ ከተማ አጠገብ ነን። ነጩ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው የኢንዱስትሪ ነው እያልኩ አይደለም። አለመሆኑን ግን ሻጩም፣ ደላላውም፣ እኔም ማወቅ አንችልም፤ መለያው ከተጣለ ቆይቷል። በ2013 በፈረንጅ አቆጣጠር ታይዋን ውስጥ ለምግብ ያልተፈቀደ ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል የገባበት ስታርች ከኑድል እስከ ጣፋጭ ድረስ ገብቶ ተገኝቶ ከገበያ የተሰበሰበው ምርት ብዙ ነበር። እዚያ ላቦራቶሪ አገኘው። ደሴ ላይ በዓይን ማን ያገኘዋል?

በቤት የሚሞከር ነገር አለ፣ ግን ልኩን እወቁ። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ሳይፈላ ከወፈረ ቀድሞ የበሰለ ዓይነት ነው፣ ካልወፈረና ታች ከዘቀጠ የሚበስል ነው። የሚበስለውን ሎሚ ጨምቃችሁበት አሥር ደቂቃ ያህል አፍሉትና ፍሪጅ አሳድሩት። ቀጥኖ ከቀረ ወይም ጠዋት ላይ ውሃ ከተፋ፣ ኢ1422 ተብሎ የተሸጠላችሁ ተራ የበቆሎ ስታርች ሳይሆን አይቀርም። የኛ ሁለቱንም አደረገ። አዮዲን ጠብ አድርጉበት የሚሉ አሉ፤ አዮዲን ስታርች መሆኑን በሰማያዊ ቀለም ይነግራችኋል እንጂ ለምግብ ይሁን ለጨርቅ አይለይም። የሎሚውም ሙከራ እንደዚያው። መርዝ የለበትም የሚል ሙከራ ወጥ ቤት ውስጥ የለም።

ኮምቦልቻ የሻጩ መጋዘን ድረስ ሄጄ አየሁት። ከረጢቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ርብራብ እንጨት እንኳ የለም። ባንድ በኩል ሳሙና፣ ባንድ በኩል የናፍጣ ጀሪካን። ክረምቱን እንዲህ ነው የከረመው። ይሄ ሁሉ ሆኖ የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ በሩ ገርበብ ባለበት ክፍል ውስጥ የጓጎለውን በወንፊት እየነፋ በነጭ ማዳበሪያ ይሞላል፣ ክፍሉ በአቧራው ጭጋግ ሆኗል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከሰል ተያይዞ ቡና ተጥዷል። የስታርች አቧራ አየር ላይ በዝቶ ከተበተነና እሳት ካገኘ ይፈነዳል። በሰኔ 2015 በፈረንጅ አቆጣጠር ታይዋን ውስጥ አንድ የመዝናኛ ቦታ ላይ ለጭፈራ የተረጨ ባለቀለም የበቆሎ ስታርች ተቀጣጥሎ 15 ሰው ሞቷል፣ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ተቃጥሏል። ያ ሜዳ ላይ ነው፤ ይሄ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁን «ከሰሉን አውጣው» አልኩት፣ ሳቀ። አፍንጫው ላይም ጨርቅ አላሰረም።

ስለዚህ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ እርጥበት የነካው ዕቃ ተነፍቶ፣ ተደባልቆ፣ በአዲስ ስፌት ነው የሚመጣው። እርጥበት ከጠገበ ሻጋታ ይከተላል፣ ሻጋታን ደግሞ ወንፊት አያወጣውም።

በትክክለኛው ከረጢት የምትገዙትም ብትሆኑ አያያዙ ላይ አትዘናጉ። ከወለልና ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት። ደሴ ላይ ክረምት ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል፤ መስኮት ሥር አይሁን። ከብርዱ አምጥታችሁ ሙቅ ማድቤት ውስጥ ወዲያው አትክፈቱት፣ ላብ ይይዘዋል። አንዴ ከተከፈተ የውስጡን ላስቲክ ጠምዝዛችሁ እሰሩ፣ በደረቅ መቅጃ ብቻ ቅዱ፣ የተረፈውን ወደ ሌላ ዕቃ ካዞራችሁትም ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሁፍ ቆርጣችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። በርበሬ፣ በሶብላ፣ ሳሙና አጠገቡ አይድረስ። መሬት ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ በደረቁ ጥረጉት፤ ውሃ ስትደፉበት ያሟልጭና ሰው ይጥላል። በኮምፕሬሰር አየር መንፋትማ መጋዘኑ ውስጥ ያየሁትን የአቧራ ጭጋግ ያመጣል። እርጥበት ሳይነካው፣ በደንብ ተይዞ፣ አብዛኛው ዓይነት ሁለት ዓመት ይቆያል፤ የእናንተን ቀን ግን ከከረጢቱ አንብቡ።

ስትገዙ አፉ አንዴ ብቻ የተሰፋ፣ የአምራቹ ስም፣ ኮዱ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና ሁለቱም ቀን የተጻፈበት ከሆነ ብቻ ተቀበሉ፤ ሲራገፍ እያንዳንዱን ከረጢት እዩ፣ ናሙናና ፎቶ አይበቃም። በፌስታል በኪሎ የሚሸጠውንስ? እኔ አልገዛም። ሱቅ ውስጥ «ከትልቁ ከረጢት ነው የቀዳሁት» ካሏችሁ ትልቁን ከረጢት አሳዩኝ በሉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ዕቃውን አልተቀበልኩም፣ ሻጩም ቀብዱን አልመለሰም። «ቀብድ አይመለስም» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ያላዘዝኩትን ዕቃ አምጥቶ ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ለቤታችሁ በኪሎ የገዛችሁ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለላችሁ፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደረሰኝ ከሌለ የባንክ ወይም የቴሌብር ማስተላለፊያችሁን አታጥፉ። ዱቄቱንም አትድፉት፤ ጥቂት በንጹህ ዕቃ አሽጋችሁ፣ የስፌቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፤ ስትደውሉ ከማን፣ የትና መቼ እንደገዛችሁ በእጃችሁ ይኑር። ያልተቀበልኩት ጭነት በዚያው መኪና ወደ ሐይቅ መንገድ ነው የሄደው፤ ሐይቅ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ ያላችሁ ነጩን ማዳበሪያ ካያችሁ አሳውቁን።