«ለማንኛውም ሥራ የሚሆን» የሰፈር ቤት ልትከራዩ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ በየቴሌግራሙና በየደላላው አፍ የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ፦ «ለመኖሪያም ለሥራም የሚሆን፣ ሰፊ ግቢ፣ አስፋልት ዳር፣ ለጋራዥ፣ ለዳቦ ቤት፣ ለእንጨት ሥራ፣ ለማንኛውም ቢዝነስ»። ቤቱ እውነትም ሰፊ ነው። ኪራዩም ከንግድ ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ቅናሽ አለው። ቅናሹ ከየት እንደመጣ ግን ማስታወቂያው አይነግራችሁም። ቦታው የተሰጠው ለመኖሪያ ነው፤ እዚያ ላይ ሥራ ስትከፍቱ የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ የምትሸከሙት እናንተ ተከራዮቹ ናችሁ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚበላ በቁጥር እንየው። ኪራዩ በወር 40,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፤ 240,000 ሆነ። ደላላው የራሱን ይወስዳል። ከዚያ የሳሎኑን ግድግዳ ታፈርሳላችሁ፣ ወለሉን ታጠናክራላችሁ፣ ማሽን ትተክላላችሁ፣ መስመር ታስገባላችሁ። በሁለተኛው ወር ጎረቤት አቤት ይላል፣ ወረዳው መጥቶ ያያል፣ ደንብ ማስከበር በሩን ያሽጋል። አከራዩ ጋ ስትሄዱ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እኔ ያከራየሁት ቤት ነው፤ ፈቃድ የእናንተ ጉዳይ ነው።» ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ይህን ክርክር ማሸነፍ ከባድ ነው። ያፈረሳችሁትን ግድግዳም መልሳችሁ እንድትሠሩ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ካርታውን (የይዞታ ማረጋገጫውን) ጠይቁ። ፎቶ ኮፒ ይበቃል። ካርታው ላይ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ አዋሳኞቹ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ወይም ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በውል የተያዘ) መሆኑ ይገኛል፤ «የቦታው አገልግሎት» የሚል መስመርም አለ። ዓይናችሁ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይረፍ። «መኖሪያ» ብቻ ካለ፣ ግቢው አስፋልት ዳር መሆኑ ወይም መስኮቱ ወደ መንገድ መከፈቱ ምንም አይለውጥም። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የሊዝ ባለይዞታ ቦታውን በውሉ ለተመለከተው አገልግሎት ማዋል አለበት፣ ለሌላ ሥራ ለማዋል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያው አዋጅ አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 60 ዓመት የሊዝ ዘመን ነው የደነገገው። የሁለቱ ልዩነት የስም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህም ይታያል።

ካርታው ብቻውን ግን አይበቃም። ከካርታው በላይ የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው ሰነድ፣ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ ካርታው ላይ መኖሪያ ሆኖ በፕላኑ ቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ሥራ አንድ ላይ) የሚፈቀድበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ባለቤቱ የአገልግሎት ለውጥ ጠይቆ የሚያገኝበት ዕድል አለ። በተቃራኒው ካርታው ንጹሕ ሆኖ ፕላኑ በግቢው መሐል የሚያልፍ መንገድ ወይም አረንጓዴ ስፍራ አሳይቶ ሊሆን ይችላል። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ሲሄድ ያየ ሰው ይህ ተራ ስጋት እንዳልሆነ ያውቃል። መንገድ ወጣ ተብሎ ቤቱ ቢነሳ፣ በካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰላው ለባለይዞታው ነው። እናንተ ወለሉ ላይ ያፈሰሳችሁት ሲሚንቶ ማንም አያስታውሰውም።

የሚደረገው ይህ ነው። በካርታው ላይ ያለውን ቁጥርና የቦታውን ኮኦርድኔት ይዛችሁ፣ ባለቤቱን ወይም ሕጋዊ ወኪሉን አስከትላችሁ፣ ወደ ክፍለ ከተማው ፕላን ወደሚያየው ክፍል ሂዱ። ጥያቄያችሁ «እዚህ መሥራት ይቻላል ወይ?» አይሁን። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በመስኮት የሚሰጥ የቃል መልስ ነገ አይያዝም። በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቦታው በፕላኑ ለምን አገልግሎት ተመድቧል፣ የምንከፍተው ሥራ (ስሙን ጥቀሱ፦ የእንጨት ሥራ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ) ይፈቀዳል ወይ፣ መንገድ ይነካዋል ወይ። መልሱም በደብዳቤ ይሁን። እግረ መንገዳችሁን መሬት አስተዳደር ጋ ይዞታው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣሩ። ባለቤቱ «እኔ ጊዜ የለኝም፣ እናንተ ሂዱ» ካለ፣ ወይም ካርታውን ለማሳየት ከተሽኮረመመ፣ ቤቱን ተዉት። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ለአንድ ጠዋት አብሯችሁ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆናችሁ መንገዱ ያው ነው፤ የምትሄዱት ወደ ከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት ነው።

«ንግድ ፈቃድ ወጥቶልኛል፣ ስለዚህ ችግር የለም» የሚለው ሌላው ወጥመድ ነው። ንግድ ፈቃድ እናንተ ያን ሥራ እንድትሠሩ የሚፈቅድ ነው፤ ያ ቦታ ለዚያ ሥራ እንዲውል አይፈቅድም። ሁለቱን የሚያዩት ሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው። በተለይ አደገኛው ደላሎች የሚመክሩት ዘዴ ነው፦ «በቢሮ ሥራ ፈቃድ አውጡ፣ ከዚያ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሥሩ።» እንዲህ ካደረጋችሁ በቦታው ላይ ያለው ችግር ሳይፈታ በፈቃዳችሁ ላይ ሌላ ጥፋት ትጨምራላችሁ። የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሥራዎች ላይ ደግሞ መርማሪው መጥቶ ቤቱን ስለሚያይ ነገሩ ያንኑ ቀን ይገለጣል።

«ጎረቤቱም እኮ ጋራዥ ነው!» ይሏችኋል። ይሁን። ጎረቤቱ በሌላ ካርታ፣ በሌላ ዘመን የተፈቀደለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ያልተደረሰበት ነው። የእሱ በር ክፍት መሆኑ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም፤ ሲታሸግም አብራችሁ ነው የምትታሸጉት።

ሕንፃውም የራሱ ጥያቄ አለው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ሲሆን ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ሕንፃ ጋር፣ ምድብ «ሐ» ውስጥ ገብተዋል። ይህ ማለት አንድን ቪላ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ስትለውጡ በምድብ ቀላሉ የነበረው ቤት ከባዱ ምድብ ውስጥ ይገባል፤ የባለሙያ ፕላንና የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚጠይቅ ይሆናል። የውስጥ ግድግዳ ማፍረስ፣ በር ማስፋት፣ ግቢውን በቆርቆሮ መሸፈን ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህን ወጪ ማን ይችላል? ውሉ ላይ ካልተጻፈ እናንተ ናችሁ።

ወደ ውሉ እንምጣ። ብዙ አከራይ «ለመኖሪያ» የሚል ውል ፈርሙ ይላል፤ ለግብሩ ወይም እሱም ቦታው እንደማይፈቅድ ስለሚያውቅ። አትፈርሙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ጥበቃው ግን ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ነው። በቤቱ ውስጥ ማሽን ተክላችሁ «የመኖሪያ ተከራይ ነኝ» ብትሉ ራሳችሁ ውሉን የጣሳችሁት ትሆናላችሁ። የመኖሪያው ጥበቃ አይደርሳችሁም፣ የንግድ ውልም የላችሁም።

ለግብር ተብሎ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ መጻፍም እንዲሁ ነው። 40,000 እየከፈላችሁ ውሉ 10,000 ቢል፣ ነገር ሲበላሽ ውሉ የሚመሰክርላችሁ ለ10,000 ብቻ ነው፤ ሌላውን በእጅ መክፈላችሁን ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። እያንዳንዱን ብር በባንክ ክፈሉ፤ ማስተላለፊያው ላይም «የኪራይ ቅድሚያ» ብላችሁ ጻፉ።

ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ ወንድም ወይም አክስት በውክልና የሚያከራይበት ቤት ብዙ ነው። ውክልናውን ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ማከራየት የሚችለው ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የአምስት ዓመት ውል ከተፈራረማችሁ ውክልናው ላይ ይህን የሚፈቅድ ግልጽ ቃል መኖር አለበት። የአገልግሎት ለውጥ የመጠየቅ ሥልጣንም ከሌለበት፣ ያ ወኪል ክፍለ ከተማ ሄዶ አንድ ማመልከቻ እንኳ ሊፈርምላችሁ አይችልም። ውክልናው አለመሻሩንም ሰነዶች ማረጋገጫ ጋ አጣሩ።

ቀብድ የሚባለው ነገር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው «ቦታውን ለመያዝ» ብሎ ይሰጣል፣ ካልሆነ የሚመለስለት ይመስለዋል። ሕጉ እንዲህ አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ፕላኑ እንደማይፈቅድ ነገ አውቃችሁ ብትተዉት አፍራሾቹ እናንተ ናችሁ። የግድ ገንዘብ መስጠት ካለባችሁ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ይሁን፦

«ተከራይ ይህን … ብር የከፈለው ቤቱ ለ… ሥራ የሚውል በመሆኑ ነው። በ45 ቀን ውስጥ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቦታው ለዚህ ሥራ እንዲውል የሚፈቅድ የጽሑፍ ማረጋገጫ ካልተገኘ ይህ ውል ሳይጸና ይቀራል፤ አከራይ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ በ5 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ገንዘቡ ቀብድ አይደለም። ማረጋገጫው እስኪገኝ ኪራይ አይቆጠርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። እሷ ከሌለች ወረቀት በምታሯሩጡበት ጊዜ ኪራዩ ይበላችኋል።

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ግቢው ሥራውን ላይችል ይችላል። ትልቁ ድምፅ ነው። በአገራችን የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲሆን ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን አጠገቡ ሲቆሙ 95 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ሜትር 95 የነበረው በ2 ሜትር 89፣ በ4 ሜትር 83፣ በ8 ሜትር 77፣ በ16 ሜትር 71 ይሆናል። 200 ካሬ ግቢ 10 በ20 ቢሆን፣ ማሽኑን የትም ብትተክሉት ከ5 ሜትር ሳይርቅ የጎረቤት አጥር አለ። ቆርቆሮ ድምፅ አያቆምም፤ ራሱም ይንቀጠቀጣል። ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ ሁለቱም ፊት ተለስኖ ብዙ ይረዳል፣ ነገር ግን ከግድግዳውና ከጣሪያው መካከል ክፍተት ከተተወ ድምፁ በዚያው ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና መንቀጥቀጥን ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ከሆነ ይከለክላል። ጎረቤት ፍርድ ቤት የሚሄደው በዚህ ነው፤ ንግድ ፈቃዳችሁ አያድናችሁም።

ሌሊት ለሚሠራ ዳቦ ቤት የባሰው የዱቄት ማቡኪያውና የማለዳው ጭነት ነው፤ ሁለቱም 45 በሚጠበቅበት ሰዓት ላይ ያርፋሉ።

መብራቱንም እዩ። የሰፈር ቤት ቆጣሪ በአብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ ነው። 5.5 ኪሎዋት ሞተር በ220 ቮልት ከ30 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። ያኔ የእናንተ ብሬከር ይወድቃል፣ የጎረቤት መብራት ይደበዝዛል፣ አቤቱታውም ይጀመራል። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ለማስገባት ቆጣሪው በባለቤቱ ስም ስለሆነ የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ውሉ ውስጥ አስገቡት። ጋራዥ ከሆነ የተቃጠለ ዘይት በምን በርሜል እንደሚጠራቀምና ማን እንደሚያነሳው አስቀድማችሁ ወስኑ። የቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ስለሆነ የመኪና እጥበት አይችልም።

ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ያለ ሱቅ ሌላ ነው፤ እዚያ ከፕላኑ በተጨማሪ የነዋሪዎች ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ የምታነቡትም ትኖራላችሁ። ተጨማሪ ወጪ ዛሬ አቁሙ። ማስታወቂያውን፣ ከደላላውና ከአከራዩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ በስልካችሁ ቀርጻችሁ አስቀምጡ፤ «ለማንኛውም ሥራ ይሆናል» ያለበት መልእክት ትልቅ ማስረጃ ነው። ለአከራዩ በጽሑፍ ቀን ቆርጣችሁ አሳውቁ፤ የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቅ፣ አለዚያ ገንዘቡን ይመልስ። ሆን ብሎ እንደዋሻችሁ የምታስረዱበት ነገር ካለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 በተንኮል የተደረገ ውል እንዲፈርስ ለመጠየቅ መንገድ ይከፍታል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ቀኑን ከምን ጀምሮ እንደሚቆጥር መጀመሪያ ጠይቁት።