500 ክፍለ ጊዜ የሥራ ጀርመንኛ፦ ማን ይማረው፣ ማንስ ይለፈው

የሥራ ጀርመንኛ ኮርሴን ጨርሼ ፈተናውንም አለፍኩ። ጀርመኖቹ «ቤሩፍስሽፕራኽኩርስ» የሚሉት፣ መንግሥት የሚከፍልለት፣ ቢ2 ድረስ የሚወስደው ነው። (የቋንቋ ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2 ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለሥራ ስንት ጀርመንኛ ይበቃል? ኮርሱስ ይረባል ወይ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልዘርግፈው።

መልሱን ላስቀድም። ሥራችሁ ከሰው ጋር የሚያነጋግራችሁ ከሆነ፣ በተለይ ስልክ ማንሳት ካለበት፣ ዓይናችሁን ሳታሹ ግቡበት። ቀኑን ሙሉ ከዕቃ ጋር ወይም ከኮምፒውተር ጋር የምትውሉና በዚያው ለመቀጠል የወሰናችሁ ከሆነ ግን ያን ሁሉ ወር የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እኔ ጀርመን ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩት ለአዲስ መጪ የሚሰጠውን፣ ኢንቴግራሲዮንስኩርስ የሚባለውን ነው። 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር። ቢ1 ያዝኩና ፍራንክፈርት አጠገብ መጋዘን ገባሁ። እዚያ ቢ1 ቀርቶ ኤ2ም ይበቃል። ስካነሩ ላይ የሚወጣውን ማንበብ፣ ቁጥር መለየት፣ «አሕቱንግ» (ተጠንቀቅ) ሲባል ከፎርክሊፍቱ መንገድ ዞር ማለት፣ በቃ። የሥራ ጓደኞቼ በትግርኛ፣ በአረብኛና በፖላንድኛ ነው የሚያወሩት። ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የነበረችኝም ጀርመንኛ ዛገች። ይሄንን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ ቋንቋውን ይወስድባችኋል።

መጋዘንም ቢሆን ግን የማይምረው አንድ ነገር አለ፤ ሰዓት። አንድ ቀን አለቃዬ ነገ «ሃልብ ዚበን» ግባ አለኝ። ዚበን ሰባት ነው፣ ሃልብ ግማሽ። እኔም እንደ አማርኛችን ሰባት ተኩል ብዬ ያዝኩት። ጀርመኖቹ ጋ ግን «ወደ ሰባት ግማሹ» ማለት ነው፤ ስድስት ተኩል። አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍጄ ደረስኩ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ። ቢ1 ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ነው ይሄ የሆነው። ያን ቀን ነው ወረቀቱ ሌላ፣ ሥራው የሚፈልገው ጀርመንኛ ሌላ መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ተዛወርኩ፤ ረዳት ተንከባካቢ ሆኜ። ኮርሱንም ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ።

ስለ ኮርሱ እንነጋገር። እስከ ቢ2 ያለው 400 ወይም 500 ክፍለ ጊዜ ነው፣ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ። የኔ 500 ነበር። ሥራ ለሌለው ሰው ነጻ ነው። ሠራተኛ ከሆናችሁና ገቢያችሁ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ግማሹን ወጪ ትከፍላላችሁ። መግቢያ ፈቃዱን ሥራ የሌለው ሥራ ፈላጊዎችን ከሚረዳው ቢሮ፣ ከጆብሴንተር፣ ወይም ከሥራ ኤጀንሲው ይወስዳል፣ ሠራተኛ ከፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ከባምፍ። መጨረሻው ላይ «ዶይች ቴስት ፊውር ዴን ቤሩፍ» የሚባል ፈተና አለ። ስለ ገበያና ስለ ቤት ኪራይ አይደለም የሚጠይቃችሁ፤ ስለ ቅሬታ ኢሜይል፣ ስለ ሥራ ፈረቃ፣ ስለ ስብሰባ ነው።

በጣም የወደድኩት ቁጥርና ስልክ ላይ የሠራነው ነው። ምክንያት አለኝ። መጦሪያ ቤቱ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ነርስ ከላይኛው ፎቅ ደውላ የአንዲት እናት የደም ስኳር ልክ ነገረችኝና መዝግብ አለችኝ። «ሁንደርትአኽትኡንትፉንፍጽሽ።» እኔ የሰማሁት በቅደም ተከተሉ ነው፤ መቶ፣ ስምንት፣ ሃምሳ። እጄ 185 ብሎ ጻፈ። ትክክለኛው 158 ነው። ጀርመንኛ አንዱን ቤት ከአሥሩ ቤት ያስቀድማል፤ እኛ «ሃምሳ ስምንት» የምንለውን እነሱ «ስምንትና ሃምሳ» ይላሉ። ኢንሱሊን የሚሰጠው በዚያ ቁጥር ነው። ነርሷ «መልሰህ አንብብልኝ» ስላለችኝ ብቻ ተረፍን። ከዚያን ቀን ጀምሮ መልሼ ሳላነብ የምጽፈው ቁጥር የለም።

ኮርሱ ላይ የመጀመሪያዋ አስተማሪያችን ይሄንን ስነግራቸው ሁለት ቀን ሙሉ ለቁጥር ሰጡልን። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማስባልን አስተማሩን፤ «አንድ፣ አምስት፣ ስምንት» እያሉ። ስልክ ላይ «ጽቫይ» (ሁለት) ከ«ድራይ» (ሦስት) ጋር ስለሚመሳሰል ሁለትን «ጽቮ» ማለት እንደሚሻልም የሰማሁት ከሳቸው ነው። ስማችንን ፊደል በፊደል ማስጻፍም እንዲሁ፤ ለB «በርታ»፣ ለE «ኤሚል» እያላችሁ። አዲሱ የ2022 ደንብ በከተማ ስም ቀይሮታል፣ ሰው ግን አሁንም የድሮውን ነው የሚለው። ሁለቱንም ያዙ።

ሌላም ያሉኝ ነገር አለ፤ ለሐበሻ ሁሉ ብናገረው ደስ ይለኛል። ጀርመንኛ «ምክንያቱም» ብሎ ሲጀምር ግሱን መጨረሻ ላይ ይጥለዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት የክፍል ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ሲሰቃዩ እኛ ግን ቤታችን ነን! «ትላንት ታምሜ ስለነበር» ስንል ግሱ የት ነው ያለው? መጨረሻ። በእንግሊዝኛ አስባችሁ ወደ ጀርመንኛ አትገልብጡ፤ እንደዚህ ዓይነቷን ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ አምጧት። አንተና እርስዎንም እንደዚያው፤ «ዱ» እና «ዚ» ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራዎቹ። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ዓይነት ነበር፤ እነሱን እያየሁ ነው የገባኝ።

አንዱ ሶርያዊ ሐኪም ነው። ለሱ ቢ2 ደጃፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሐኪሞች የቋንቋ ፈተና አለበት፣ ደረጃው የሕክምና ሲ1። 60 ደቂቃ፤ 20 ደቂቃ ታካሚ ጋር ያወራል፣ 20 ደቂቃ ሪፖርት ይጽፋል፣ 20 ደቂቃ ለሌላ ሐኪም ያስረዳል። ታካሚው «ሆዴን ቆረጠኝ» ያለውን ሰምቶ ለሐኪሙ በሕክምና ቃል መመለስ አለበት። ሁለት ቋንቋ ነው የሚማረው ማለት ይቻላል።

ነርስ ሆኖ ከአገሩ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው እውቅና ለማግኘት በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል። ረዳት ሆኖ ለመሥራት ብዙ ቦታ ቢ1 ይበቃል። ልዩነቱን በገንዘብ ልንገራችሁ፦ በአረጋውያን እንክብካቤ በሐምሌ 2025 ዝቅተኛው ክፍያ ለረዳት በሰዓት 16.10 ዩሮ፣ ለሠለጠነ ነርስ 20.50 ዩሮ ነበር። ዲግሪው እጃችሁ ላይ ካለ በመሃል የቆመው ቋንቋው ነው።

ፕሮግራመሩ ልጅ በእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው። ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ብሉ ካርድ፣ ጀርመንኛ አይጠይቅም፣ እሱንም ማንም አልጠየቀው። ለምን መጣህ ስለው ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ሙሉ በጀርመንኛ እንደሚያወራና እሱ ሳህኑን እያየ እንደሚበላ ነገረኝ። አሳዘነኝ። ግን ለምሳ ወሬ 500 ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም። ኤ2 ወይም ቢ1 ይበቃዋል፤ ያንን ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት ቤቶቹ፣ የፎልክስሆኽሹሌዎቹ፣ የኢንተርኔት መማሪያ ወይም የዶይቸ ቬለ «ኒኮስ ቬግ» በነጻ ያደርሰዋል።

ጥበቃ ለመሥራት የምታስቡ፣ መግቢያው የንግድ ምክር ቤቱ የ40 ክፍለ ጊዜ ሥልጠና ነው፤ ቢ1 ይፈልጋል።

ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ አውስቢልዱንግ ላይ፣ ማለትም ሥራና ትምህርት አንድ ላይ በሚሄዱበት የሙያ ሥልጠና ላይ ነው። ከአገር ቤት ለቪዛው ባብዛኛው ቢ1 ይበቃል ስለሚባል ብዙ ልጅ «ቢ1 ካለኝ ጨረስኩ» ይላል። መግባቱን ይገባል። ከዚያ የሙያ ትምህርት ቤቱ ይመጣል። እዚያ የምትቀመጡት እዚሁ ተወልደው ካደጉ ልጆች ጋር ነው፤ መምህሩ ፍጥነቱን ለናንተ ብሎ አይቀንስም፣ ፈተናውም ያው አንድ ነው። የማውቀው ልጅ በሥራው ጎበዝ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤቱ ፈተና ብቻ ወድቆ አቋረጠ። ስለዚህ ቢ1 በር ይከፍትላችኋል፣ ውስጥ የሚያቆያችሁ ግን ቢ2 ነው። ይሄ ኮርስ ከሁሉም በላይ ለናንተ ነው የተሠራው።

ቅሬታዬም አለ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። በኮርሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስተማሪ ተቀየረብን። እያንዳንዱ አዲስ አስተማሪ ከየት እንደደረስን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይፈጅ ነበር። መጨረሻ ላይ ያሉት ሳምንታት ደግሞ የፈተና ወረቀት መሙላት ብቻ ሆኑ፤ ስልኩም ውይይቱም ቀረ። መጽሐፉ ቢሮ ያለው ሰው ነው የሚታየው፤ ምግብ አብሳይዋም የጽዳት ሠራተኛዋም ስለ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲማሩ ከረሙ። የአካባቢው አነጋገር ደግሞ ጭራሽ አልተነካም። የምንከባከባቸው አዛውንቶች ግን «ኢኽ» (እኔ) ለማለት «ኢሽ» ይላሉ፣ «ኒኽት»ን (አይደለም) ትተው «ኔት» ይላሉ። ያንን የተማርኩት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለአስተማሪዎቹ መቀያየር ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «አስተማሪው እስከ መጨረሻው አንድ ነው ወይ?» እና «ስልክ ማናገር በሳምንት ስንት ጊዜ እንለማመዳለን?» መልሱ ከተድበሰበሰባችሁ ሌላ ፈልጉ፣ ፈቃዱን ይዛችሁ የምትማሩበትን ትምህርት ቤት መምረጥ ትችላላችሁ። እኔ መስከረም ላይ የሦስት ዓመቱን የነርስነት አውስቢልዱንግ እጀምራለሁ። የስልክ ዐረፍተ ነገሮቼን የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፤ የሚፈልግ ካለ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።