እጅሽ ይባረክ፣ ሲስተር

እናቴ የማህፀን በር ካንሰር ታማ ጥቁር አንበሳ ስትታከም ቆየች። ጨረሩ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ኬሞው በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው 5 ጊዜ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለፈው ሳምንት ጨረሰች። የኬሞ ክፍሏን ሲስተር ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

የእማዬ ደም ስር በቀላሉ አይገኝም። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ደም ሊወስዱ 6 ጊዜ ወግተዋት ክንዷ በልዞ ነበር። ስለዚህ ከኬሞው ይልቅ መርፌውን ፈርታ ነው የገባችው። ሲስተር ክንዷን በሙቅ ፎጣ ሸፈነችላት። ጠበቀች። ዳበሰች። አንዴ ወጋች፣ ገባ። አምስቱንም ሳምንት እንደዚያው።

መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ይባላል። ጨረሩ ካንሰሩ ላይ እንዲበረታ ያግዛል፤ ኩላሊት ግን ይጎዳል። እኔ ወግተው የሚሸኟት መስሎኝ ነበር። ለካ ክብደት ይለካል፣ የኩላሊት ምርመራ ይታያል፣ ሴላይን (በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ይገባል፣ የማስመለስ መከላከያ ይሰጣል፣ ከዚያ ኬሞው፣ ከዚያ እንደገና ሴላይን። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል። በዚያ ሁሉ ወረፋ መሀል ሲስተር አንዱንም ስትዘል አላየሁም።

እማዬ ሲበርዳት ጋቢዋን እስከ ጣቷ ትሸፋፈናለች። ሲስተር መጥታ ቀስ ብላ ትገልጠዋለች። «እማማ፣ ይቺን እጅ እኔ ልያት። መድኃኒቱ ከደም ስር ውጪ ከፈሰሰ ሊያቆስል ይችላል። ካቃጠለዎት ቶሎ ይጥሩኝ፣ እንዳይችሉት።» እናቴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ይህ ባይነገራት ጥርሷን ነክሳ ዝም ትል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሁዳዴ ገባ። እማዬ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አልቀምስም አለች። ብለምናት አልሰማችኝም። ሲስተር ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ይሄ ውሃ ለኩላሊትዎ መድኃኒት ነው። እስቲ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁልኝ።» ጠየቀች፣ ፈቀዱላት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደጠጣች፣ ሽንቷ እንዴት እንደሆነ፣ ጆሮዋ ይጮህ እንደሆነ ትጠይቃታለች። መድኃኒቱ ጆሮንም እንደሚነካ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች። ደም ስሩ የሚያስቸግር ታማሚ ይዛችሁ ወደዚያ ኬሞ ክፍል ከገባችሁ ግን፣ በሙቅ ፎጣ ደም ስር የምትፈልገዋን ሲስተር ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። ጋቢና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ።

እማዬ ደግሞ «እጅሽ ይባረክ ብላለች ብለሽ ጻፊልኝ» ብላኛለች።