የመስጊዱ ክሊኒክና የእናቴ የስኳር ክኒን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የሙስሊም ማኅበረሰብ ማዕከል ክሊኒክ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይጠይቅ የሚያክም የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ይህን አስተያየት የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ወላጆቻቸውን በግሪን ካርድ አምጥተው ሕክምናው ላይ ሲደርሱ ግራ ለተጋቡ ሰዎች ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በዚህ መንገድ የሚመጡ አብዛኞቹ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ሜዲኬይድ (ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) አያገኙም፤ የአዛውንቶቹ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ቢሆን፣ እዚህ አገር ሠርተው ለማያውቁ አዛውንቶች፣ በክፍያ እንኳ ለመግባት 5 ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት ይጠይቃል።

እናቴ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ አገኘኋትና ስሙን ወደማልጠቅሰው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። የ1986 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሉ የመክፈል አቅሟን ሳያይ እንዲመረምራትና አደጋውን እንዲያረጋጋ ያስገድደዋል፤ ሂሳቡን ግን አያስቀርም። የወረደውን ስኳሯን አስተካክለው፣ ለምን እንደወረደ ሳይጠይቁ ሸኙን፤ ቀጥሎም የሂሳቡ ደብዳቤ በፖስታ መጣ።

ወደ ክሊኒኩ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ያቋቋመው የመስጊድ ማኅበረሰብ መሆኑን ስነግራት እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ዝም አለች፤ ማተቧን ግን አልሸሸገችም፣ የጠየቃትም የለም። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እያነሳ አየ። ግሊቤንክላሚድ የሚለው እሽግ ላይ ሲደርስ እዚህ አገር ግላይቡራይድ የሚባለው መሆኑን ለይቶ አስተርጓሚዋን በስልክ አስጠየቃት።

«እማማ፣ ይህን ክኒን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ጠዋት ነዋ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት።»

«ከዚያስ ስንት ሰዓት ይመገባሉ?»

«ሁዳዴ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት።»

አስተርጓሚዋ «ዘጠኝ» የሚለውን እንዳለ ብታሻግረው ኖሮ ሐኪሙ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ብሎ ይረዳውና ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። እርሷ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ብላ መለሰችው፤ ሐኪሙም ብዕሩን አስቀመጠ። ይህ ክኒን ሆድ ባዶም ሆነ አልሆነ ስኳርን ወደ ታች የሚገፋ ስለሆነ፣ በእርሷ ዕድሜ ላለ ጾመኛ እጅግ አደገኛ ነው። አስቆማት፤ ሌላውን የስኳር ክኒኗን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ከምግብ ጋር፣ ማለትም ከጾሙ መፍቻ በኋላ እንድትወስድ አዘዘ። ለረመዳን ጾመኞች በየዓመቱ የሚሠራው ስሌት በመሆኑ ስለ ጾም ማስረዳት አላስፈለገንም፤ የሁዳዴ 55 ቀን ብቻ ትንሽ አስገርሞታል። እናቴ ስንወጣ «ጾም የሚያውቅ ሐኪም ነው» አለች፤ ከእርሷ አፍ ይህ ቀላል ምስጋና አይደለም።

ክሊኒኩ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ አስተዳደር ከሚያካሂደው የሞንትጎመሪ ኬርስ የሕክምና ፕሮግራም ተሳታፊዎች አንዱ ነው። ፕሮግራሙ የካውንቲው ነዋሪ የሆኑ፣ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል ከ2.5 እጥፍ የማይበልጥ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸውን አዋቂዎች የመኖሪያ ወረቀት ሳይጠይቅ ይቀበላል። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ጥቅም የዋጋው ቅናሽ አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው የሚያስፈልገው የሚያውቀውና በየሦስት ወሩ የሚያየው ሐኪም ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ይህን ሊሰጥ አይችልም፣ የተሠራበት ዓላማም አይደለም።

ሆስፒታል እንዳልሆነ ግን አውቆ መሄድ ይገባል። ለቀዶ ሕክምናና ለመሳሰለው በሪፈር ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ነው፤ ሌሊት አደጋ ቢደርስም የሚደወለው ያው 911 ነው። ስትሄዱ የነዋሪነትና የገቢ ማስረጃ ያዙ፤ መድኃኒቶቹንም ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ሳይሆን ከነካርቶናቸው ውሰዱ።