የዊልያም ኦጊልቪ ታሪክ በኦዲዮ፣ ክሎንዳይክ ላይ ሲደርስ ነው የሚጥመው

ኦጊልቪ ካናዳዊ መሬት ቀያሽ ነው፣ ከ1898 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዩኮን (ሰሜን ምዕራብ ካናዳ ያለ ግዛት) ኮሚሽነር፣ ማለትም አስተዳዳሪ ነበር። ኦዲዮው መጀመሪያ ላይ በጣም ተንዛዝቷል፣ ዝለሉት። ዩኮን ውስጥ ያለው የወርቅ አካባቢ፣ ክሎንዳይክ ሲደርስ ግን በቃ ማቆም አልቻልኩም! ሰው ሁሉ ወርቅ ብሎ ባበደበት ቦናንዛ ጅረት ላይ ሰውዬው የወርቅ ቆፋሪዎችን ይዞታ ሲለካ አንዱ ከተፈቀደው በላይ ሰፍቶ ተገኘ፣ ትርፏ 86 ጫማ ብቻ የሆነች ቁራጭ ናት፣ እሷን የመለኪያ ሰንሰለት ያዡ ዲክ ሎው ወሰዳትና ሀብታም ሆነባት፣ ኦጊልቪ ግን የመንግስት ሰራተኛ ነኝ ብሎ ምንም ሳይነካ ቀረ (እኔ ብሆን እንጃ)። ተራኪው ድምፁ አሪፍ ነው፣ የቦታ ስም ላይ ግን ይቸኩላል። በተለይ የ141ኛው ሜሪዲያን (የኬንትሮስ መስመር) የአላስካ ድንበር ቅየሳ ጋ ስልካችሁ ላይ ካርታ ካልከፈታችሁ ግራ ያጋባል። 4 ኮከብ።