ከአያት ወደ ዛንዚባር፦ የአንድ ጉዞ ወኪል አገልግሎት

የአራት ቀን የዛንዚባር ዕረፍታችንን ያሰናዳልን አያት አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ የሚገኝ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ነው። ሠራተኛዋ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በስቶን ታውን፣ ለወደቡ ቅርብ በሆነ ሰፈር ብናድር የታክሲ ወጪ እንደምንቆጥብ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የከባድ ዝናብ ወቅትም ብናልፈው እንደሚሻል በትዕግሥት አስረዳችን፤ ምክሯም ልክ ነበር። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ እንደሚጠየቅ የተነገረን ግን ለጉዞው ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ማስረጃው የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ ጉዞውን አራዘምን፤ የቲኬት ለውጡንም ከኪሳችን ከፈልን። ይቅርታ የጠየቀን አልነበረም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ግን (ይህን ማንም አልነገረንም) ባለጀልባው «ሦስት ሰዓት» ሲለን ጠዋት በሰዓቱ ተገኘን።